ዝርያ በአራት ዓመት አይወጣም

ይድረስ፦ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሴኔት አባላት፣ ለአካዳሚክና ለምርምር ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንቶች፣ እንዲሁም ነገሩ ለሚያገባው ሁሉ

ጉዳዩ፦ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የስንዴ፣ የገብስና የጤፍ ዝርያ ማሻሻልን ሙያው ላደረገ መምህር ስለሚገባው የጊዜ መለኪያና የሥራ ርክክብ

ክቡራንና ክቡራት፣

ላለፉት 28 ዓመታት በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ዘረመልና የሰብል ማሻሻያ ሳስተምር፣ ከክፍል ስወጣም በማሳ ላይ ስንዴና ገብስ ሳዳቅልና ስመርጥ ኖሬአለሁ። በመጪው ሰኔ መጨረሻ ጡረታ እወጣለሁ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የማነሣው ጥያቄ ለራሴ የሚያስገኝልኝ ማዕረግም ሆነ የደመወዝ እርከን የለም። ዩኒቨርሲቲዬን በስም ያልጠራሁትም በሌሎች ተቋማት ካሉ የሙያ ባልደረቦቼ የምሰማው ታሪክ ከእኔ ጋር የሚመሳሰል በመሆኑና ነገሩ የአንድ ቤት ጥፋት እንዳይመስል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወራቱ ግን እንደ እኛው መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

የምጠይቀው በአጭሩ ይህ ነው፦ የዝርያ ማሻሻያ መምህርን ሥራ የምትመዝኑበት ጊዜ ሰብሉ ከሚፈልገው ጊዜ ጋር ይስተካከል፤ ሥራውም የመምህሩ የግል ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ሆኖ ከሰው ወደ ሰው በርክክብ ይተላለፍ።

ብዙዎቻችሁ ከምህንድስና፣ ከሕክምና፣ ከሕግና ከሌሎች ሙያዎች የመጣችሁ ስለሆናችሁ የማሳውን ውሎ ባታውቁት አይፈረድባችሁም፤ እኔም ጥያቄዬን ለማስረዳት ከእሱ መጀመር ግድ ይለኛል። የስንዴ አበባ በራሷ ብናኝ ዘር የምትይዝ ናት። ሁለት ዝርያዎችን ማዳቀል የሚፈልግ ሰው እናት የምትሆነው ተክል ዛላ እንዳወጣች ፈጥኖ ደርሶ፣ ከእያንዳንዷ አበባ ውስጥ ሦስቱን ወንዴ አካላት ሳይፈነዱ በወረንጦ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ዛላውን በወረቀት ከረጢት ይሸፍናል፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ የአባቱን ብናኝ አምጥቶ ይነሰንስበታል። ከዚህ ሁሉ ድካም የሚገኘው በመዳፍ የሚቆጠር ፍሬ ነው። ፍሬው በቀጣዩ ክረምት ሲዘራ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚሆን የሚመረጥ ነገር የለውም። ልዩነቱ የሚገለጠው በሁለተኛው ትውልድ ነው፤ እዚያ ላይ አጭሩና ረጅሙ፣ ዋግ የተባለው የእህል በሽታ የያዘውና ያልያዘው፣ ቀድሞ የደረሰውና የዘገየው በአንድ ማሳ ተቀላቅሎ ይቆማል። ከዚህ ተመርጦ ባሕርዩ እስኪረጋ ድረስ እስከ ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ትውልድ መጓዝ አለበት፤ በመስኖ በዓመት ሁለቴ መዝራት ካልተቻለ በቀር አንድ ትውልድ አንድ ክረምት ነው። በዚህ መንገድ ባሕርዩ የረጋው ዘር፣ እኛ መስመር የምንለው፣ ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ የምርት ሙከራ፣ ቀጥሎም በላቀ ሙከራ፣ ከዚያም በተለያዩ አካባቢዎች በሚካሄደው የብሔራዊ ዝርያ ሙከራ፣ በመጨረሻም አጽዳቂው ኮሚቴ ማሳው ድረስ መጥቶ በሚያየው የማረጋገጫ ሙከራ ያልፋል። አንድም ዓመት በበረዶ፣ በድርቅ ወይም በበጀት መዘግየት ሳይባክን ከማዳቀል እስከ መልቀቅ ከ10 እስከ 12 ዓመት ይፈጃል።

አሁን የእኛን የደረጃ ዕድገት መለኪያ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ከአንዱ ማዕረግ ወደ ሌላው ለማለፍ የሚጠየቀው የአገልግሎት ዘመን ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚፈለገው ዋናው ማስረጃም በታወቀ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ነው። መምህሩ ማመልከቻውን በሚያስገባበት ቀን ያዳቀለው ስንዴ ገና ሦስተኛ ወይም አራተኛ ትውልድ ላይ ነው። ለማንም የሚታይ፣ ለማንም የሚጻፍ ነገር የለውም። እኔ ባገለገልኩበት ዩኒቨርሲቲ የተለቀቀ ዝርያ እንደ ኅትመት ሊቆጠር እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ያወጣነው የገብስ ዝርያ ጸድቆ የምዝገባ ደብዳቤውን ከማመልከቻዬ ጋር ባያያዝኩ ጊዜ ግን፣ ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ እጅግ ቅን የሆኑ ሰው፣ «ደብዳቤው መልካም ነው፤ ጽሑፉ የታለ?» ብለው ጠየቁኝ። አልተቀየምኳቸውም። የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ተጠቃሎ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ለእኔም ትንሽ መስሎ ታየኝ።

መለኪያው እንዲህ ሲሆን ወጣቱ መምህር ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ከምርምር ማዕከል ወይም ከዘር ባንክ ሃያ ወይም ሠላሳ ናሙና ያስመጣል፤ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ክረምት ይዘራል፤ ቁመቱን፣ የሚያብብበትን ቀን፣ የሺህ ፍሬ ክብደቱንና ምርቱን ይለካል፤ በናሙናዎቹ መካከል ጉልህ ልዩነት መኖሩን፣ የባሕርያቱን የመወራረስ መጠንና ዝምድናቸውን አስልቶ ያሳትማል፤ በመደምደሚያውም ጥናቱ በሌሎች ቦታዎችና ዓመታት ቢደገም መልካም እንደሚሆን ይመክራል። ማንም አይደግመውም። እኔ ራሴ እንዲህ ያሉ ሦስት ጽሑፎች አሉኝ፤ ባሳየኋቸው መንገድ የሄዱ ተማሪዎቼም ከእኔ የሚበልጡ አሏቸው። ጽሑፎቹ ሐሰት አይደሉም፤ ነገር ግን ልዩነት መኖሩን ደጋግሞ መለካት በዚያ ልዩነት ተጠቅሞ ዝርያ ማውጣት አይደለም። በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ውስጥ ሁለቱንም መሥራት ይቻላል፤ የሚያስመሰግነው የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ግን ሁለተኛው መቅረቱ የማይቀር ነው።

የአገራችን የግብርና ከፍተኛ ትምህርት ሲመሠረት የተተከለው በሌላ መሠረት ላይ ነበር። በ1950ዎቹ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ በጅማ ጀምሮ ወደ ዓለማያ (የዛሬው ሐረማያ) የተሻገረው የግብርና ኮሌጅ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለአርሶ አደሩ ማድረስን በአንድ ጣራ ሥር እንዲይዝ የታሰበ ነበር። የደብረ ዘይት የሙከራ ጣቢያም የዚሁ ኮሌጅ ነበር። በ1963 የማስፋፋቱ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሄደ፤ በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም አገር አቀፉ የምርምር ኃላፊነት ወደዚያ ዞረ፤ ደብረ ዘይት ግን እስከ 1990ዎቹ ድረስ በዓለማያ ሥር ቆይቷል። የጤፍ ዝርያ ማሻሻል ሥር የሰደደው በዚህ ጣቢያ ነው። የጤፍ አበባ ከጥቃቅንነቷ የተነሣ ለረጅም ጊዜ በእጅ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር፤ የሚሠራው ከአርሶ አደሩ ዘር መካከል መምረጥ ብቻ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባዋ ማለዳ፣ ከንጋቱ አንድ ሰዓት አካባቢ ለጥቂት ጊዜ እንደምትከፈት ደርሰውበት የማዳቀያውን ዘዴ አገኙ። ዛሬ በየገበያው ስሙ የሚጠራው የጤፍ ዝርያ ቁንጮ የተለቀቀው በ2006 ነው፤ የተገኘውም ምርታማ የሆነውን ዱከምን ነጭ ከሆነው ማኛ ጋር በማዳቀል ነው። ዘዴው ከተገኘበት ዓመት አንሥቶ ቁንጮ እስከተለቀቀበት ድረስ 30 ዓመት ገደማ ይሆናል። በመሃሉ መንግሥት ተለውጧል፤ ሰዎች መጥተው ሄደዋል፤ የማዳቀያው መዝገብና ዘሩ ግን ከእጅ ወደ እጅ አልፏል። ቁንጮን በአንድ መምህር የአራት ዓመት የሥራ ግምገማ ውስጥ ለማስገባት ብንሞክር የትኛው መምህር፣ በየትኛው አራት ዓመት ላይ እንደሚመዘገብለት እንጃ።

የሌሎች አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች በእኛው ዘር ላይ የሠሩትን ማስታወስም ይገባል። ገብስን ቢጫ አድርጎ ለሚያቀጭጨው ቫይረስ መከላከያ የሆነውና ዋይዲ2 የተባለው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ ውርሱን አጥንተው በ1959 ያሳወቁት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነበሩ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ከአገራችን ከተሰበሰበ የገብስ ዘር የተገኘው ኤምኤልኦ11 ደግሞ በአውሮፓ ገብስ ላይ የሚወርደውን ዱቄት መሰል ሻጋታ ሲመክት አሥርት ዓመታት አልፈውታል። ዘሩ ከተሰበሰበበት ጊዜ አንሥቶ በአርሶ አደር ማሳ ላይ እስከዋለበት ድረስ አርባ ዓመት ያህል ወስዷል። ይህን የማነሣው ዘራችን ተወሰደ ብዬ ለማማረር አይደለም፤ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው። የምለው አንድን ዘር ለአሥርት ዓመታት እንዲይዙት የተፈቀደላቸው ሰዎች ምን ማውጣት እንደቻሉ ነው። ማሽላ የአገዳ ሰብል ቢሆንም ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታም ለዚህ ይጠቀሳሉ፤ በዓለማያ ተምረው በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ፣ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም በሚቋቋም ማሽላ ላይ ለረጅም ዓመታት በአንድ ወንበር ተቀምጠው ሠሩ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

«ዝርያ ማውጣት የምርምር ኢንስቲትዩቱ ሥራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ለምን ይደክማል?» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ በስብሰባም ተነግሮኛል። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ነገር አለው። የኢንስቲትዩቱ ማዕከላት ኩሉምሳ በስንዴ፣ ሆለታ በገብስ፣ ደብረ ዘይት በጤፍ የሚሠሩትን መድገም ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ነገር ግን በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳንና ገላማን የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች በመታ ጊዜ የሆነውን አስታውሱ። አርሶ አደሩ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ፤ ዲገሉ በአርሲና በባሌ ማሳውን እንደሸፈነ በ2013 መጨረሻ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ተነሥቶ እሱንም መታው። ዋጉ ምርመራና ስብሰባ አይጠብቅም፤ አንድ ዝርያ ሲወድቅ ከኋላው የሚነሡ፣ የተለያየ የመቋቋሚያ ዘረመል የያዙ መስመሮች በተለያዩ ቦታዎች ተዘጋጅተው መቆየት አለባቸው። ይህን የመሰለውን ቅድመ ዝርያ ሥራ፣ ማለትም ከአርሶ አደሩ ዘር ውስጥ የመቋቋሚያ ዘረመል ፈልጎ ወደ ምርታማ መስመር ማሻገርን፣ ከዩኒቨርሲቲ የተሻለ ቦታ ሆኖ የሚሠራው የለም፤ ምክንያቱም ለዓመታዊ የዝርያ ኮታ አይቸኩልም፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችም አሉት። ለኢንስቲትዩቱ የሚሄደውን ወጣት ተመራማሪ የምናሠለጥነውም እኛው ነን። በሕይወቱ አንድ ዛላ በወረንጦ ሳይነካ በሰብል ማሻሻያ የተመረቀ ተማሪ አይቻለሁ፤ በውጤቱ ግን ከፍተኛ ማዕረግ ነበረው።

ዩኒቨርሲቲ አይችልም እንዳይባል የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ያደረገውን እጠቅሳለሁ። ከጣሊያኑ የሳንትአና ተቋምና ባዮቨርሲቲ ኢንተርናሽናል ከተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅት ጋር በመሆን፣ በአብዛኛው ከአገራችን የዘር ባንክ የተገኙ 400 የዱረም (የፓስታ) ስንዴ ዓይነቶች በሐገረ ሰላምና በገረገራ ተዘርተው፣ ወንዶችና ሴቶች አርሶ አደሮች እየዞሩ በራሳቸው ዓይን ነጥብ ሰጧቸው፤ የአርሶ አደሩ ምርጫም ከዘረመል መረጃው ጋር ተገናዝቦ ተጠና። ሥራው በዓለም አቀፍ መጽሔት ታትሟል፤ ከዚያው ዘር መካከልም ወሃቢትና ርግአት የተባሉ ሁለት ዝርያዎች ተለቀዋል። ጽሑፉም ዝርያውም ከአንድ ማሳ ወጥተዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ የሚሳካው ግን የውጭ አጋር ገንዘቡን በወቅቱ ሲያቀርብ መሆኑ አያኮራንም።

ወቅት ካልኩ አይቀር በጀቱን ላንሣ። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ግዢ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ ይቆማል። አዲሱ በጀት ጸድቆ፣ ተከፋፍሎ ወደ ትምህርት ክፍሉ እስኪደርስ ነሐሴ ይገባል። ስንዴና ገብስ የሚዘሩት በትክክል በዚህ ባዶ ጊዜ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ ባለው ነው። ለትራክተር፣ ለማዳበሪያና ለቀን ሠራተኛ ከኪሴ የከፈልኩባቸውን ክረምቶች መቁጠር ትቻለሁ። ዛላው ሲያሽት ወፍ የሚጠብቀውን ልጅ ሒሳብ ለማወራረድ ደግሞ ደረሰኝ ይጠየቃል፤ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ደረሰኝ የለውም። ዋግ የሚለካበት መስከረምና ጥቅምት መማር ማስተማር የሚጀመርበትና የተማሪ ምዝገባ የሚደራረብበት ጊዜ መሆኑንም ጨምሩበት። ይህ ሁሉ በአንድ የውስጥ መመሪያ የሚስተካከል ነው፤ ለመስክ ምርምር የሚሆን ገንዘብ ከበጀት ዓመቱ መዘጋት በፊት በቅድሚያ ክፍያ እንዲያዝ መፍቀድ ይበቃል።

ከሁሉም አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን ርክክቡን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱንም ከራሴ ልናገር። ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ውጭ ስሄድ አምስተኛ ትውልድ የደረሱ 140 የገብስ መስመሮችን ለአንድ ቴክኒሺያን አስረክቤ ነበር። የጽሑፍ ርክክብ አልነበረም፤ የሚጠይቀውም ሥርዓት አልነበረም። ቴክኒሺያኑ በዓመቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። የዘር ማስቀመጫው ክፍል ለሌላ አገልግሎት ተፈለገ። ስመለስ ከረጢቶቹን በኮሪደር ጥግ ተከምረው አገኘኋቸው፤ ከፊሉን ነቀዝ ፈጭቶታል፤ የቀረውን ደግሞ መለያ ወረቀቱን አይጥ በልቶታል። እናትና አባቱ የማይታወቅ፣ ቁጥሩ የጠፋ ዘር ለእኛ ሙያ ምግብ እንጂ ዘር አይደለም። ማንንም አልከሰስኩም፤ ማንን ልክሰስ? በዩኒቨርሲቲው የንብረት መዝገብ ላይ የእኔ ወንበርና የተሰበረ ሚዛን ቁጥር ነበራቸው፤ ገብሱ ግን አልነበረውም። የብሔራዊው የዘር ባንክ በዋነኛነት የሚይዘው የአርሶ አደሩን ነባር ዘር ስለሆነ ገና ያልረጋ የማሻሻያ መስመርን የማዳን ኃላፊነት የማንም ሳይሆን የራሳችን ነው።

ስለዚህ ሴኔቶቻችሁ የስንዴ፣ የገብስና የጤፍ ማሻሻያ ሥራ ባለበት ሁሉ የማዳቀያ መዝገቡና የዘር ክምችቱ በትምህርት ክፍሉ ስም እንዲመዘገብ፣ መምህሩ ለትምህርት ሲሄድ፣ ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ተተኪ ሳይፈርምበት የሥራ መልቀቂያ እንዳይሰጠው ትወስኑ ዘንድ እጠይቃለሁ። በደረጃ ዕድገት ረገድም የጸደቀ ዝርያ ጽሑፍ ሳይጠየቅበት በራሱ እንዲቆጠር፣ ዝርያው እስኪደርስ ባሉት ዓመታትም መምህሩ በየዓመቱ ስንት ማዳቀል እንደሠራ፣ ስንት መስመር እንዳሳለፈና እንደጣለ፣ ወደ ብሔራዊ ሙከራ ምን እንዳስገባ ከመዝገቡ ታይቶ እንዲመዘን ቢደረግ፣ አሥር ዓመት ስጡኝ እያለ የሚተኛውንና የሚሠራውን ለመለየት ከጽሑፍ ቆጠራ የተሻለ ሚዛን ይገኛል። የሚተኛ አይኖርም አልልም። ማሳው ግን ከመጽሔት ይልቅ ለመዋሸት ያስቸግራል፤ ጥቅምት ላይ ሄዶ ማየት ብቻ ነው።

የእኔን በተመለከተ፣ በአሁኑ ሰዓት በቢሮዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አምስተኛ ትውልድ የደረሱ 212 የዳቦ ስንዴ መስመሮችና ሰባተኛ ትውልድ የደረሱ 64 የገብስ መስመሮች፣ ከ19 ዓመት ወዲህ ያለውን የያዙ አራት የማዳቀያ መዝገቦች ይገኛሉ። ተተኪ እንዲመደብ በጽሑፍ ካመለከትኩ ሰባት ወር አልፎታል፤ መልስ አላገኘሁም። ስንዴዎቹ ባለፈው ክረምት ማሳ ስላልነበረን አልተዘሩም፤ ዘንድሮ መዘራት ይኖርባቸዋል። የሚረከበኝ ሰው እስከ ግንቦት አጋማሽ ቢመደብ መዝገቦቹን አብረን ገጽ በገጽ ለማንበብ ሁለት ሳምንት ይበቃናል፤ አንዳንዱ ምልክት እኔ ብቻ የማውቀው ነው። ቁልፉ በእጄ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የሰብል ማሻሻያና የዘረመል መምህር